የድሮ መልክ፣ አዲስ ሞተር፦ የትኛው ሬትሮ ሞተር ሳይክል ይሻላችኋል?

መልክ ታጥቦ አይጠጣም ይባላል። ሬትሮ ሞተር ሳይክል የሚገዛ ሰው ግን መጀመሪያ የሚወደው መልኩን ነው። ክቡን የፊት መብራት፣ የሚያብረቀርቀውን ማርሚታ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃውን ጠፍጣፋ ወንበር ያይና ልቡ ይሸፍታል። አልፈርድበትም። እኔም ከነዚህ አንዱ ሲያልፍ አንገቴ ይዞራል።

ችግሩ ሱቅ ውስጥ ሁሉም መመሳሰላቸው ነው። አንዱ 20 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ሌላው 117። አንዱ 5 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፣ ሌላው ከ16 ሺህ በላይ። ከሩቅ ሲታዩ ግን ሁሉም የ1960ዎቹ ይመስላሉ። ይህ መመሪያ አንዱን ለመግዛት አስባችሁ ምርጫው ለተምታታባችሁ፣ በተለይ አሜሪካና አውሮፓ ለምትኖሩ ነው። ዋጋዎቹ የአሜሪካ ግምት ናቸው፤ ታክስና የሻጭ ክፍያ አልተጨመረባቸውም። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ገዝቶ ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ያሰበ ካለ ደግሞ፣ ከተማዋ በእኛ አቆጣጠር ከ2011 ክረምት ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ሳይክል መንዳትን እንደገደበች ያስታውስ።

ለምን ይወደዳሉ?

ነገሩ ናፍቆት ብቻ አይደለም። የእሽቅድድም ሞተር ሳይክል ላይ በሰዓት 60 ማይል ስትሄዱ ሞተሩ ገና አልነቃም። እሱን ለማጣጣም ሕግ መጣስ ያስፈልጋል። ሬትሮ ላይ ግን በ45 ማይል የገጠር መንገድ ስትነዱ ሞተሩ ሥራ ላይ ነው። ማርሽ ትቀያይራላችሁ፣ ድምፁን ትሰማላችሁ፣ ከፖሊስም ሰላም ናችሁ። አቀማመጡ ቀጥ ያለ ስለሆነ ወገብና የእጅ አንጓ አይጎዳም።

በዚያ ላይ የድሮውን መልክ ያለ ድሮው ጣጣ ታገኛላችሁ። ካርቡሬተር የለም፤ ነዳጁን ኮምፒውተር ይመጥነዋል። ጠዋት አንድ ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ይነሳል። ፍሬኑ ዲስክ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከ125 ሲሲ በላይ የሆነ አዲስ ሞተር ሳይክል ሁሉ ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ድንገት ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት፣ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። አሜሪካ እንዲህ ያለ ግዴታ የለም፤ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ኤቢኤስ የሌለውን በጥቂት መቶ ዶላር ቅናሽ ቢሰጧችሁ እኔ አልመክርም።

መጀመሪያ ይህን ለዩ

ሬትሮ በሚለው ስም የሚሸጡት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው ልብሱ ብቻ የድሮ የሆነ ነው። ያማሃ ኤክስኤስአር 900ን ብትገልጡት ውስጡ ኤምቲ 09 የሚባለው ዘመናዊ ሞተር ሳይክል ነው፤ ሞተሩም ሻሲውም። የካዋሳኪው ዜድ 900 አርኤስ እንዲሁ። ሁለተኛው ጠባዩም የድሮ የሆነ ነው። ሞተሩ በዝግታ የሚዞር፣ ጉልበቱን ከታች የሚሰጥ፣ ለመሮጥ የማይቸኩል። ሮያል ኤንፊልድ ክላሲክ 350 እና ሞቶ ጉዚ ቪ7 እዚህ ይመደባሉ። የትራያምፍ ቦኔቪል መሀል ላይ ነው።

ብዙ ሰው ገዝቶ የሚያዝነው ሁለቱን ሳይለይ ስለሚገዛ ነው። ፍጥነት የለመደ ሰው ክላሲክ 350 ይገዛና በወሩ ይሰለቸዋል። ረጋ ብሎ መንሸራሸር የፈለገው ደግሞ 117 የፈረስ ጉልበት ይገዛና ጋዝ በሰጠ ቁጥር ይደነግጣል።

መመዘኛዎቹ

የምትነዱበት መንገድ ከሁሉም ይቀድማል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ዋሽንግተን ዲሲን በሚዞረው 495 ሀይዌይ የምትመላለሱ ከሆነ ትንሽ ሞተር አያዋጣም። የፍጥነት ወሰኑ ምንም ይሁን፣ ዙሪያችሁ ያለው መኪና ከዚያ በላይ ነው የሚሄደው። ሥራችሁ ከቤታችሁ አምስት ማይል በከተማ መንገድ ከሆነ ግን 350 ሲሲ ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል።

ቁመትና ክብደት ይከተላል። እነዚህ ሞተር ሳይክሎች ብረት ይበዛባቸዋል። በወረቀት 170 እና 236 ኪሎ ብዙም የማይራራቁ ይመስላሉ። ጠጠር የፈሰሰበት ተዳፋት ላይ ወደ ኋላ ስትገፏቸው ግን ልዩነቱ ይገባችኋል። የወንበር ከፍታውን ቁጥር ብቻ አትመኑ። ሰፊ ወንበር እግር ይከፍታል፤ 790 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሰፊ የሆነ ወንበር ከ805 ጠባብ ወንበር ይልቅ ከመሬት ሊያርቃችሁ ይችላል። ጫማችሁን አድርጋችሁ ሄዳችሁ ተቀመጡበት።

ስለ ጎማ ማንም አይነግራችሁም። ሬትሮን የሚያሳምረው ሽቦ ያለው ቸርኬ ነው። ሽቦዎቹ የቸርኬውን ብረት ስለሚበሱት አየር ያመልጣል፤ ስለዚህ በአብዛኛው ውስጡ ካላማዳሪ ይገባል። ሚስማር ሲወጋው በአንዴ ይተነፍሳል። መንገድ ዳር ለመጠገን ጎማውን አውልቆ ካላማዳሪውን ማውጣት ነው፤ ያለ መሣሪያና ያለ ልምድ አይሞከርም። ካላማዳሪ የሌለው ጎማ ግን በትንሽ መድፈኛና በኪስ ፓምፕ በደቂቃዎች ውስጥ መንገዳችሁን ያስቀጥላችኋል። ረጅም መንገድ ለሚወድ ሰው ይህ ከፈረስ ጉልበት ይበልጣል።

ጥገናን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ቅርቡ የኩባንያው ጋራዥ የት ነው? ያማሃና ካዋሳኪ አሜሪካ ውስጥ በየከተማው አሉ። ሞቶ ጉዚና ሮያል ኤንፊልድ እንደየግዛቱ ነው፤ መቶ ማይል የሚያስነዳችሁ ይኖራል። ካቴና ያለው ሞተር ሳይክል በየ500 ማይሉ ገደማ ማጽዳትና መቀባት ይፈልጋል። ጉልበቱን በዘንግ የሚያስተላልፍ ከሆነ ከዚህ ሥራ ትገላገላላችሁ።

ወጪው የዋጋ ወረቀቱ ላይ ያለው ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሻጩ የማጓጓዣ፣ የመገጣጠሚያና የወረቀት ክፍያ ይጨምራል። "ሁሉም ተደምሮ፣ ታርጋው ተለጥፎ ስንት?" በሉና በጽሑፍ ተቀበሉ። ኢንሹራንስ ከመፈረማችሁ በፊት ይጠየቃል እንጂ በኋላ አይደለም። ለሄልሜት፣ ለጃኬት፣ ለጓንትና ለቦት ጫማ ከ600 እስከ 1,000 ዶላር ለብቻ አስቀምጡ። እናታችሁ ሞተር ሳይክል መግዛታችሁን ስትሰማ "በማርያም!" ማለቷ አይቀርም። ሙሉ መከላከያ ለብሳችሁ የተነሳችሁትን ፎቶ ላኩላት፣ ትንሽ ይረዳል።

መንጃ ፈቃድ አሜሪካ ውስጥ ቀላል ነው፤ ተጨማሪው ፈቃድ ከተገኘ የሞተሩ መጠን ብዙ አይገድባችሁም። ብዙ ግዛቶች የቅዳሜና እሁዱን የጀማሪዎች ኮርስ ላለፈ ሰው የመንዳት ፈተናውን ይተዉለታል። አውሮፓ ግን ገደብ አለ። ኤ2 የሚባለው ፈቃድ እስከ 35 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 47 የፈረስ ጉልበት ነው። ከዚያ በላይ ያለውን አሳንሶ መንዳት ይቻላል፤ ግን መነሻው ከ70 ኪሎ ዋት መብለጥ የለበትም። ስለዚህ 117 የፈረስ ጉልበት ያለው ኤክስኤስአር 900 ተቀንሶም ቢሆን በኤ2 አይነዳም። እስራኤልም ለጀማሪ የፈረስ ጉልበት ገደብ ስላላት እዚያ ያላችሁ አስቀድማችሁ አጣሩ።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

ክላሲክ 350ን ሬትሮ ማለት ትንሽ ይከብደኛል። ሮያል ኤንፊልድ እንግሊዝ አገር ሬዲች ከተማ ነው የተጀመረው። በ1955 ለህንድ ጦር ቡሌት የተባለውን ሞዴል ለመገጣጠም ማድራስ፣ የዛሬዋ ቼናይ፣ ኩባንያ ተቋቋመ። የእንግሊዙ ሲዘጋ የህንዱ ቀጠለ። ሌሎቹ ትተውት ወደነበረው መልክ ሲመለሱ ይሄኛው መሥራቱን አላቋረጠም ነበር። የአሁኑ ሞተር ግን ክላሲክ ላይ በ2021 የገባ አዲስ ነው። አንድ ሲሊንደር፣ 349 ሲሲ፣ በአየርና በዘይት የሚቀዘቅዝ። ፒስተኑ 85.8 ሚሊ ሜትር ይወጣል ይወርዳል፤ ለዚህ መጠን ረጅም ጉዞ ነው። ከታች ጀምሮ ረጋ ብሎ የሚጎትተውም በዚህ ምክንያት ነው። ቆሞ ሲሠራ ዱግ ዱግ የሚለውን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል ማለት ይቀረኛል። በከተማና በገጠር መንገድ ደስ ይላል። ሀይዌይ ላይ 65 ማይል ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ትንፋሹ ያልቃል። ከኋላችሁ ትልቅ የጭነት መኪና ሲመጣ የምትጨምሩት ጋዝ የለም። ይህን አውቆ ለገዛው ሰው ግን ለዋጋው የሚወዳደረው ጥቂት ነው።

ያንኑ የሮያል ኤንፊልድ ስም ይዞ ሀይዌይ የሚወጣ ለሚፈልግ ሁለት ሲሊንደር ያለው ኢንተርሴፕተር 650 አለ። አሜሪካ ውስጥ አይኤንቲ 650 ይሉታል፤ ኢንተርሴፕተር የሚለው ስም እዚያ የሆንዳ ስለሆነ ነው። 47 የፈረስ ጉልበት፣ ስድስት ማርሽ። አውሮፓ ላላችሁ ደግሞ ልክ የኤ2 ገደብ ላይ የቆመ ነው፣ ሳይቀነስ ይነዳል። ቫልቩ በስፒልና በብሎን ስለሚስተካከል እጁ የተፍታታ ሰው በግቢው ይሠራዋል። የማይወደደው ወንበሩ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደነድናል፤ ብዙ ባለቤቶች መጀመሪያ የሚቀይሩት እሱን ነው። በእኔ ግምት ከስድስት እስከ ሰባት ሺህ ዶላር ውስጥ ከዚህ የሚሻል ሁለገብ ሬትሮ የለም።

ትራያምፍ ስፒድ 400 በ2023 የወጣ ነው። ትራያምፍ ነደፈው፣ የህንዱ ባጃጅ ይሠራዋል። አዎ፣ ያው ባለ ሦስት እግሩን የሚሠራው ባጃጅ። ይህን ሰምቶ የሚስቅ አለ፤ ሥራው ግን ንጹሕ ነው። 170 ኪሎ ብቻ፣ ወደ 40 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት፣ ካላማዳሪ የሌለው ጎማ፣ ዋናው ሰርቪስ በየ10 ሺህ ማይሉ። ሞተሩ በውኃ የሚቀዘቅዝ ዘመናዊ ነው፤ ቶሎ ይነሳል፣ ሲሮጥም ይወዳል። ዱግ ዱግ የሚለውን የድሮ ድምፅ ፈልጋችሁ ከሆነ እዚህ የለም። ለጀማሪ ግን እኔ ከክላሲክ 350 ይልቅ ይሄን እመርጣለሁ፤ ቀላል ነው፣ አደጋ ውስጥ ስትገቡም የምታመልጡበት ጉልበት አለው።

ሞቶ ጉዚ ቪ7 ለብቻው የሚቆም ነው። ጣሊያን ውስጥ ኮሞ ሐይቅ ዳር፣ ማንዴሎ ዴል ላሪዮ ከ1921 ጀምሮ ባለ ፋብሪካ ይሠራል። ሁለቱ ሲሊንደሮች ከሳልባትዮው ግራና ቀኝ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ቆማችሁ ጋዝ ስትሰጡት ሞተር ሳይክሉ ራሱን ወደ ቀኝ ያዘነብላል። መጀመሪያ ሲያጋጥም ያስደነግጣል። ከዚያ ይናፍቃል። 853 ሲሲ፣ 65 ገደማ የፈረስ ጉልበት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። ካቴና የለውም፣ በዘንግ ነው የሚነዳው። ሳልባትዮው 21 ሊትር ይይዛል፤ የኤንፊልዶቹ 13 ሊትር ገደማ ነው። ወንበሩ 780 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አጠር ያለ ሰው እግሩ በደንብ ይደርሳል። ለረጅም የእሁድ ጉዞ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ለእኔ አንደኛ ነው። ነገር ግን ጋራዡ ሩቅ ከሆነ ፍቅሩ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ቦኔቪልን ሱቅ ስትሄዱ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ከወንበሩ በታች ሁለት ካርቡሬተር ታያላችሁ። ካርቡሬተር አይደሉም። ኮምፒውተር የሚያዘው የነዳጅ መርጫ ነው፤ ሽፋኑ የድሮውን አማል ካርቡሬተር እንዲመስል ተደርጎ የተቀረጸ። ሲሊንደሩ ላይ ያሉት የአየር ክንፎችም እንዲሁ፤ ሞተሩ በውኃ ነው የሚቀዘቅዘው፣ ራዲያተሩ ከፊት በሁለቱ የሻሲ ብረቶች መሀል ተሸጉጧል። ማታለል ነው የሚል ይኖራል። እኔ አይመስለኝም። የጭስ ሕጉ እየጠበቀ ሲሄድ ትልቅ ሞተር በአየር ብቻ ማቀዝቀዝ ከባድ እየሆነ መጣ። ሌሎች ራዲያተሩን አውጥተው ሲሰቅሉት እነዚህ ለመደበቅ ደክመዋል። የመጀመሪያው ቦኔቪል ቲ120 በ1959 ነው የወጣው፤ ስሙ የፍጥነት ሪከርድ ከሚሞከርበት የዩታው የጨው ሜዳ የመጣ ነው። የዛሬው ቲ100 900 ሲሲ ነው፣ ቲ120 ደግሞ 1200። ልዩነታቸው ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ብቻችሁን ከተማ ውስጥ የምትነዱ ከሆነ ቲ100 ይበቃል። ከኋላ ሰው የምትጭኑና ሀይዌይ የምታበዙ ከሆነ የቲ120 ጉልበት ገንዘቡን ያወጣል።

ኤክስኤስአር 900 ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። 117 የፈረስ ጉልበት በ193 ኪሎ ላይ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ፍሬኑ ጥሩ ነው፣ ቫልቩ የሚታየው ከ40 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከተነዳ በኋላ ነው። ከ1972ቱ ዜድ 1 መልኩን የወሰደው የካዋሳኪው ዜድ 900 አርኤስም በዚሁ መስመር ነው፤ አራት ሲሊንደር ስለሆነ ለስላሳ ነው፣ ዋጋው ከፍ ይላል። ሁለቱም ለጀማሪ አይደሉም። የቢኤምደብሊው አር 12 ናይንቲ ከ16 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ያን ያህል የሚያወጣ ሰው ምን እንደሚፈልግ ያውቃል ብዬ አልፈዋለሁ።

"ለምን እውነተኛውን አሮጌ አልገዛም?" የምትሉ አላችሁ። የ1970ዎቹ ሆንዳ ሲቢ 350 በሁለትና ሦስት ሺህ ዶላር ይገኛል፤ መለዋወጫውም አልጠፋም። ግን አሜሪካ ያለው ቤንዚን በአብዛኛው ኢታኖል የተቀላቀለበት ነው። የበረዶውን ወራት ሳይነዳ ከቆመ ካርቡሬተሩ ውስጥ ይደርቅና ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ፍሬኑ የዛሬ መኪና ፊታችሁ ድንገት ሲቆም አይመልስም። መፍታትና መግጠም የሚያዝናናችሁ ከሆነ ግዙት። ሥራ ሊያደርሳችሁ ከሆነ ተዉት።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| ሞተር ሳይክል | ሞተር | የፈረስ ጉልበት | ክብደት (ኪ.ግ) | የወንበር ከፍታ (ሚ.ሜ) | ጎማ | ዋጋ (ዶላር) |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ክላሲክ 350 | 349 ሲሲ፣ 1 ሲሊንደር | 20 | 195 | 805 | በአብዛኛው ካላማዳሪ አለው | 5 ሺህ ገደማ |
| ስፒድ 400 | 398 ሲሲ፣ 1 ሲሊንደር | 40 ገደማ | 170 | 790 | ካላማዳሪ የለውም | 5 ሺህ ገደማ |
| ኢንተርሴፕተር 650 | 648 ሲሲ፣ 2 ሲሊንደር | 47 | 218 ገደማ | 805 ገደማ | እንደ ቸርኬው | ከ6 እስከ 7 ሺህ |
| ቪ7 | 853 ሲሲ፣ 2 ሲሊንደር | 65 ገደማ | 220 ገደማ | 780 | እንደ ቸርኬው | ከ9 እስከ 10 ሺህ |
| ቦኔቪል ቲ100 | 900 ሲሲ፣ 2 ሲሊንደር | 64 | 228 | 790 | ካላማዳሪ አለው | 11 ሺህ ገደማ |
| ቦኔቪል ቲ120 | 1200 ሲሲ፣ 2 ሲሊንደር | 79 | 236 | 790 | ካላማዳሪ አለው | 13 ሺህ ገደማ |
| ኤክስኤስአር 900 | 890 ሲሲ፣ 3 ሲሊንደር | 117 | 193 | 810 | ካላማዳሪ የለውም | 10 ሺህ ገደማ |

እንግዲህ ለማን የቱ?

ፈቃድ ገና ያወጣችሁና ከተማ ውስጥ የምትነዱ፣ ስፒድ 400። ድምፁና ረጋ ያለ ጠባዩ ነው የሚስበኝ፣ ሀይዌይ አልወጣም ካላችሁ ክላሲክ 350። በጀታችሁ ሰባት ሺህ ሆኖ ሁሉንም ትንሽ ትንሽ የምትፈልጉ፣ ኢንተርሴፕተር 650፤ የተረፈውን ለወንበር ለውጥና ለጥሩ ሄልሜት አውሉት።

ከዚያ በላይ ያለው ብዙ ሰው ቪ7 እና ቲ100 ላይ ይቆማል። ካቴና መቀባት የሚያስጠላው፣ ራቅ ብሎ መሄድ የሚወድ ቪ7 ይያዝ። አጨራረሱን፣ የቀለሙን ጥራትና የሰርቪሱን መራራቅ የሚያይ ቲ100 ይያዝ። ቁርጥ ምክር ከጠየቃችሁኝ ግን የትኛው ጋራዥ እንደሚቀርባችሁ ልጠይቃችሁና በዚያ ልወስን። ፍጥነት ለምዳችሁ መልኩን ብቻ ከፈለጋችሁ ወደ ኤክስኤስአር 900 ሂዱ፤ ሌሎቹ ያናድዷችኋል።

ያገለገለ መግዛትም መጥፎ አይደለም። ሬትሮ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነዳው በፀሐይ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ የሦስት የአራት ዓመት ሆኖ ጥቂት ሺህ ማይል ብቻ የሄደ ማግኘት ይቻላል። ስታዩ ጎማው ጎን ላይ የታተመውን አራት አሃዝ አንብቡ፤ መጀመሪያ ያሉት ሁለቱ የተሠራበት ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱ ናቸው። ሞተር ሳይክሉ ቢያበራም ጎማው ካረጀ ከዋጋው አስቀንሱ። የሳልባትዮውን ክዳን ከፍታችሁ በስልክ መብራት ውስጡን እዩ፤ ቆሞ የከረመ ዝገቱ እዚያ ነው የሚጀምረው። ሞተሩ ከመምጣታችሁ በፊት ተነስቶ ሞቆ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ፣ ሲቀዘቅዝ መጥታችሁ እናንተ አስነሱት።

በረዶ በሚጥልበት አገር የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ግዙ። ሻጩ ያለፈው ዓመት ሞዴል ቦታ ይዞበት ስለሚቀመጥ ይደራደራል። በመጋቢት ፀሐይ ስትወጣ ያው ሰው ስልክም ቶሎ አያነሳም።